ነጭ ሸሚዝ ለምትለብሰው እህቴ፦ በመጀመሪያ በረኪናውን አስቀምጪው

ሰላም እህቴ። «ባንክ ሥራ ልጀምር ነው፣ ዩኒፎርሙ ነጭ ሸሚዝ ነው፤ የምቀባው ዲኦዶራንት ብብቴን ያሳክከኛል፣ ሸሚዜንም ቢጫ አደረገብኝ፤ ለቆዳም ለልብስም የማያስቸግር ጠቁሙኝ» ላልሽው ነው የምመልስልሽ። ከእኔ በፊት የጻፉልሽን አነበብኩ። አንዷ ብብትሽን በሎሚ እሺው ብላሻለች፣ አንዱ ሸሚዙን በረኪና ውስጥ ዘፍዝፊው ብሎሻል። ሁለቱንም አድርጌ ያየሁ ሰው ስለሆንኩ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። እኔም ስድስት ዓመት መስኮት ላይ ተቀምጬ ብር ቆጥሬያለሁ። ከላይኛው መደርደሪያ ፎርም ለማውረድ እጅ ማንሳት የሚያስፈራበትን ቀን በደንብ አውቀዋለሁ።

1. የያዝሽው ነገር በእርግጥ ዲኦዶራንት መሆኑን እዪ። እኛ ሁሉንም ዲኦዶራንት እንለዋለን እንጂ ሁለት የተለያየ ዕቃ ነው። ዲኦዶራንት ሽታውን ብቻ ነው የሚይዘው፣ ላብሽ እንደ ልቡ ይወጣል። «አንቲፐርስፒራንት» የሚል የተጻፈበት ግን በአሉሚነም ጨው የላቡን መውጫ ለጊዜው ይደፍነዋል። ነጭ ልብስ ላይ ያ ቢጫ የሚመጣው በብዛት ከዚህኛው ነው፤ አሉሚነሙ ከላቡ ጋር ተያይዞ ክሩ ውስጥ ይቀራል። ጥቁር ልብስ ላይ ደግሞ ነጭ ዱቄት ትቶ ያዋርድሻል። ብዙ የማያልብሽ ከሆነ አሉሚነም የሌለው ይበቃሻል። አሉሚነሙ ካንሰር ያመጣል ብሎ ያስፈራራሽን ሰው ግን ተይው፤ የአሜሪካ የካንሰር ማኅበር ራሱ ግልጽ ግንኙነት አልተገኘም ነው የሚለው። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን ሐኪሙን ሳይጠይቅ አንቲፐርስፒራንት እንዳይቀባ። ይሄ አሜሪካ ውስጥ በሚሸጡት ላይ በግዴታ ይጻፋል።

ልዩነቱን ለማወቅ ጀርባውን ማንበብ ነው ያለብሽ። እዚህ ላይ ነው ሆዴ የሚቃጠለው። አንድ ኮስሞቲክስ ቤት ገብቼ፣ ጽሑፉ ደቃቅ ስለሆነ በስልኬ መብራት እያየሁ ሳነብ ሻጩ «እህት፣ ለብብት እኮ ነው፣ የምትጠጪው መሰለሽ እንዴ?» አለኝ፤ ቤቱ ሙሉ ሰው ሳቀ። አፍሬ አንብቤ ያልጨረስኩትን ገዝቼ ወጣሁ። ለሁለት ሳምንት ያሳከከኝ እሱ ነው። ዛሬ ማንም ቢስቅ እስከ መጨረሻው አነባለሁ። የማያስነብብ ሻጭ ጋ ብሬን አልተውም፣ አንቺም አትተዪ።

2. ሽቶ የሌለበት ይሁን። የሚያሳክክሽ አሉሚነሙ ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ሰው የሚቆጣው ለሽቶው ነው። ጀርባው ላይ «ፓርፉም» ወይም «ፍራግራንስ» የሚል ካየሽ መልሺው። «አንሴንትድ» የሚለው እንዳያታልልሽ፣ ሌላውን ሽታ የሚሸፍን ሽቶ ሊኖርበት ይችላል። «ፍራግራንስ ፍሪ» የሚለውን ነው የምትፈልጊው። ስም ጥሪልኝ እንዳትዪኝ። ለእኔ የተስማማኝ የእናቴን ልጅ ብብቷን ውኃ አስቋጥሯታል።

3. በረኪና። እህቴ፣ በረኪና ነጭ ያደርጋል ያለሽ ሰው የላብ እድፍ ላይ ሞክሮት አያውቅም። ክሎሪኑ ከላቡ ፕሮቲን ጋር ሲገናኝ ቢጫውን ያባብሰዋል። ይሄን ያወቅሁት በሸሚዝ ቢሆን ምን ነበረበት! የእናቴ ሀበሻ ቀሚስ ላይ ነው ያወቅሁት።

ሽሮ ሜዳ ያሠራችው መነን ነው፤ ለእኔ ምርቃት ለብሳው ከዚያ ወዲህ አንሶላ ጠቅልላ ያስቀመጠችው። የአክስቴ ልጅ መልስ ሲደርስ ለምኜ፣ ለምኜ ወሰድኩት። እስክስታ ሊኖር ነው፣ ላብ ሊኖር ነው ብዬ በጣም ጠንካራ የተባለውን ሮል ኦን ደራርቤ ተቀባሁና ሳይደርቅ ቀሚሱን አጠለቅሁት። ሌሊቱን ሙሉ ጨፈርኩ። ስመለስ ደክሞኝ ሳላጥበው፣ ሳላናፍሰው እንዳለ አንሶላው ውስጥ መልሼ ከተትኩት። ሁለት ወር እዚያው ቀረ። ለፋሲካ ሰሞን እናቴ ስታወጣው ብብቱ ላይ መዳፍ የሚያህል ቢጫ፤ ሲነካ እንደ ደረቀ ሙጫ ክርር ያለ። እሷ ምንም አላለችም። ዝም ማለቷ ነው የገደለኝ። «እኔ አስለቅቀዋለሁ» ብዬ በረኪና ገዝቼ፣ ባልዲ ውስጥ ነክሬ አደርኩ። ጠዋት ሳወጣው ያ ቢጫ እርድ የተቀባ መስሏል፣ የእጅጌው አረንጓዴ ጥለት የጭድ ቀለም ሆኗል፣ ስጨምቀው ደግሞ ብብቱ ጋ ክሩ ሳሳና ተተረተረ።

እዚህ ላይ ባቆም ደግ ነበር። ላውንደሪ ወሰድኩት። ተቀባዩ ሰውዬ ገለጥ አድርጎ እንኳ ሳያይ «ይለቃል፣ አታስቢ» አለኝ፣ 600 ብር ተቀበለኝ። በአራተኛው ቀን ልቅም ብሎ ተተኩሶ፣ በላስቲክ ተሸፍኖ ሰጠኝ፤ እድፉ እንዳለ። እንዳለ ብቻ አይደለም፣ ካውያው አብስሎት ሙጭጭ ብሏል። ብሬን ስለው ደረሰኙን ገልብጦ አሳየኝ፤ «ለነባር እድፍ ኃላፊነት አንወስድም»። ታዲያ ለምን ይለቃል አልከኝ ብለው «እህት፣ ከኋላሽ ሰው አለ» አለኝ። እኔ ራሴ መስኮት ላይ ሆኜ ስንቱን ሰው እንደዚያ እንዳልኩት ትዝ ብሎኝ ይሁን ምን እንጃ፣ ይዤው ወጣሁ።

ለሸሚዝሽ የሚሆነውን ከዚያ በኋላ ነው በብዙ ልፋት ያገኘሁት። በቀዝቃዛ ውኃ ታርሺዋለሽ፤ ሙቅ ውኃ አይነካውም። ቤኪንግ ሶዳ ሁለት ማንኪያ፣ ፋርማሲ ከሚሸጠው ባለ 3 ፐርሰንት ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ እንደ ሊጥ እስኪያያዝ ጠብ እያደረግሽ አዋሕጂው። እድፉ ላይ ለግማሽ ሰዓት ትተሽ በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ ፈተግ፣ ከዚያ እንደ ወትሮው እጠቢ። ለነጭ ጥጥ ነው ይሄ፤ ባለ ቀለም ልብስ ቀለሙን ሊያስለቅቅ ይችላል፣ ሐርና ሱፍ ላይ እንዳትሞክሪው። ካለቀቀ ድገሚው፤ እስኪለቅ ካውያ እንዳታሳርፊበት። አቼቶም ይረዳል፣ ግን አቼቶና በረኪና አንድ ባልዲ ውስጥ እንዳይገናኙ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ከቻልሽ ደግሞ ከዩኒፎርሙ ውጪ የምትገዢው ሸሚዝ ጥጥ ይሁን። ፖሊስተር ታጥቦም ሽታውን ይዞ ይቆያል፤ ከሰዓት በኋላ ሰውነትሽ ሲሞቅ ይመልስልሻል።

ቁጥሬ ጠፋብኝ፣ ስለ ቆዳው ልንገርሽ። ቤኪንግ ሶዳ ለልብስ አልኩሽ እንጂ ለብብት አላልኩም! «ተፈጥሯዊ ነው» ብለው አሞኝተውኝ አንድ ሰሞን ብብቴ ላይ ነስንሼ እወጣ ነበር። ቆዳችን ትንሽ አሲድነት አለው፣ ሶዳው ተቃራኒው ነው፤ በሳምንቱ ብብቴ ቀልቶ ተላጠ። ሎሚ ደግሞ ከቆዳው እጅግ የበለጠ አሲድ ነው። በምላጭ ተላጭቼ ወዲያው ያሸሁበትን ቀን አልረሳውም፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ እየዘለልኩ አለቀስኩ። የቱንም ብትመርጪ በተላጨሽበት ሰዓት አትቀቢ፤ ማታ ተላጪና ጠዋት ተቀቢ።

ሲጠቁርብኝ ደግሞ የባሰ አበድኩ። መድኃኒት ቤት ገብቼ «ብብቴ ጠቆረ» ስል ያለ ማዘዣ አንድ ቱቦ ሰጡኝ። በአምስት ቀን ማሳከኩ ጠፋ፣ ደስ አለኝ፣ ሁለት ወር ቀጠልኩበት። ለካ ጠንካራ ስቴሮይድ፣ ማለትም የቆዳ ቁጣ የሚያበርድ ቅባት ነው። የብብት ቆዳ ስስ ስለሆነ መድኃኒቱን አብዝቶ ይጠጣል፤ ቆዳዬ እንደ ሲጋራ ወረቀት ሳስቶ ሸንተረር አወጣ። ሸንተረሩ አሁንም አለ። ያለ ማዘዣ ቱቦ የሚሰጥሽ ሰው ካለ አመስግነሽ ውጪ።

በመጨረሻ የቆዳ ሐኪም ጋ ሄድኩ፤ ወረፋው ግማሽ ቀን ወሰደ፣ ምክሩ ግን አሥር ደቂቃ አልፈጀም። አዲስ ዲኦዶራንት ስትገዢ ብብትሽ ላይ አትጀምሪ። ክርንሽ መታጠፊያ ላይ የሳንቲም ያህል ቦታ መርጠሽ ጠዋትና ማታ ለሰባት ቀን ቀቢ። ካልቀላ፣ ካላሳከከ ወደ ብብት ውሰጂው። አሁን የሚያሳክክሽን ደግሞ ዛሬውኑ አቁሚ፤ የተቆጣ ብብት ላይ ምንም ቢቀቡት ያቃጥላል፣ ቆዳው እስኪረጋ በውኃና ሽታ በሌለው ለስላሳ ሳሙና ብቻ ታጠቢ። ሥራ የምትጀምሪው ሰኞ ከሆነ ሰባት ቀን የለሽም፣ አውቃለሁ። ለዚያ ሳምንት ከሸሚዙ ስር ቀጭን የጥጥ ካናቴራ ልበሺ፣ አንድ ሸሚዝ ቦርሳሽ ውስጥ ይኑር። እኔ ሁለት ዓመት በትርፍ ሸሚዝ ነው የኖርኩት፣ ማንም አላወቀብኝም።

እንደ እኔ የሚያልብሽ ከሆነና የግድ አንቲፐርስፒራንት ካስፈለገሽ ማታ፣ በደንብ በደረቀ ብብት፣ በስሱ ተቀቢው። ሌሊት ላብ ስለሚቀንስ ቦታውን በደንብ ይይዛል፣ ጠዋት ብትታጠቢም ሥራው አይጠፋም፣ ሸሚዙም አይነካካውም። ይሄን አንድ ነገር ያኔ ባውቅ ያ ቀሚስ ዛሬ አዲስ ነበር። ወንድሜ ደግሞ ለብጉር የሚሸጠውን ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ብብቱን ይታጠብበት ነበር፤ ሽታውን እውነትም ቀነሰለት፣ ሰማያዊ ፎጣዬን ግን ነብር አስመሰለልኝ። ከሞከርሽው በነጭ ፎጣ ይሁን።

እናቴ ቀሚሱን አልጣለችውም። ብብቱን ሸማኔው ጋ ወስዳ በሌላ መነን አስለወጠችው፤ ነጭነቱ ግን አልገጠመም። ሠርግ ስትጠራ ትለብሰዋለች፣ እስክስታ ሲመጣ ነጠላዋን አደግድጋ ክንዷን ከጎኗ ሳታላቅቅ ትከሻዋን ብቻ ትሰብቃለች። ፎቶውን እዚህ ላስገባልሽ ነበር፤ ከለከለችኝ።