የጋሪ ፈረሴ ጋጣ ውሎ ምን ልቀልበው?

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ሳቢያን በጋሪ ነው የምተዳደረው። የፈረሴ የፊት እግር ጅማት ተጎድቶ ሐኪሙ ከጋጣ እንዳይወጣ አለኝ። እንዲጠነክር ገብስ ልጨምርለት? ጎረቤቴ ደግሞ «በጋለ ብረት ተኩሰው» ይለኛል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ መተኮሱን እርሳው፤ በጉዳት ላይ ቃጠሎ መጨመር ነው። ገብሱንም ቀንስ እንጂ አትጨምር፤ ሥራ የፈታ ፈረስ እህል ሲበዛበት ሆዱን ያመዋል፣ ሰኮናውም ውስጡ ሊቆጣ ይችላል። ድርቆሽ ግን ቀኑን ሙሉ ትንሽ ትንሽ ይብላ። በድሬ ሙቀት በቀን ከ40 ሊትር በላይ ውኃ ሊጠጣ ስለሚችል ባልዲው አይድረቅ። ፋንድያውን ጠዋት ማታ ጥረግ፣ ሰኮናውንም አንስተህ አጽዳ፤ ከሸተተህና ጥቁር ነገር ካየህ መበስበስ ጀምሯል ማለት ነው። እግሩ በፋሻ ታስሮ ከሆነ፣ ፋሻው ሥር ጣትህ አልገባ ካለ ፍታና እንደገና እሰረው። ማነከሱን ስለተወ ብቻ ጋሪ እንዳትጭንበት፣ ጅማት ለመጠገን ወራት ይፈልጋል። ሐኪሙ ሲፈቅድ፣ ፀሐይዋ በረድ ስትል፣ በደልዳላ መሬት ላይ ለ5 ደቂቃ ያህል እየሳብክ አራምደው።