ጥያቄና መልስ፦ አንድ ላፕቶፕ፣ ብዙ ተጠቃሚ፣ ስፓይዌርና አድዌር

ሰላም ለሁላችሁ። የቤት ኮምፒውተር ላይ ስለሚገቡ ሰላይና ማስታወቂያ አምጪ ፕሮግራሞች ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ጥያቄው ስለበዛ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አርጌያቸዋለሁ። የማወራው ስለ ዊንዶውስ ነው፣ የስልኩ ራሱን የቻለ ጣጣ ስለሆነ ዛሬ አንነካውም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ እኛ ቤት ያለችውን ላፕቶፕ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆችና የባለቤቴ ወንድም ነን የምንጠቀማት፣ ሁሌ ፎርማት ነው፣ ልጆቹን ልከልክላቸው ወይስ ምን ላርግ?

መልስ፦ ልጆቹን ተዋቸው ባክህ፣ ችግሩ ሁላችሁም በአንድ አካውንት መግባታችሁ ነው፣ እሱም አድሚን። በአድሚን የገባ ሰው አንድ ጌም አውርዶ «የስ» ካለ ያ ፕሮግራም መላ ኮምፒውተሩን እንደፈለገ ያዝበታል፣ ልጁ ያወረደው ጌም አንተ የባንክ ነገር ስትሠራ ቁጭ ብሎ ያያል። ሴቲንግስ ውስጥ አካውንትስ ግባና አንተ ብቻ የምታውቀው ፓስወርድ ያለው አንድ አድሚን አስቀር፣ ለሌላው ሰው ሁሉ ለየራሱ ስታንዳርድ የሚባለውን ክፈትለት፣ ለራስህም ጭምር፣ አንተም በየቀኑ የምትገባው በስታንዳርዱ ይሁን። ከዛ ልጁ የሆነ ነገር ሊጭን ሲል ስክሪኑ ደብዘዝ ብሎ የአድሚን ፓስወርድ ይጠይቀዋል፣ ስለማያውቀው «አባዬ ና» ይላል፣ ያኔ ምን እየጫነ እንደሆነ ታያለህ። ሁሉን ያቆማል አልልህም፣ የክሮም ኤክስቴንሽን (ብሮውዘሩ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) እና አንዳንድ ፕሮግራም አድሚን ሳይጠይቅ ለዛ ሰው አካውንት ይጫናል፣ ግን ጉዳቱ ባብዛኛው እዛው አካውንት ውስጥ ይቀራል፣ ፋይሉን አውጥተህ አካውንቱን አጥፍተህ አዲስ ትከፍትለታለህ፣ ፎርማት የለም። ሰው ገንዘብ አውጥቶ አንቲቫይረስ ይገዛና ይቺን በነጻ የምትገኘውን አይሠራም፣ ይገርመኛል።

ጥያቄ፦ ብሮ ከስክሪኑ ቀኝ ታች ጥግ ላይ «ኮምፒውተርዎ በቫይረስ ተጠቅቷል» እያለ ብቅ ብቅ ይልብኛል፣ አንዳንዴ ነውር ነገር ሁሉ፣ እናቴ ፊት ተዋረድኩ። በአንቲቫይረስ ፈተሽኩት ንጹህ ነው ይላል።

መልስ፦ ሃሃ አይዞህ፣ ንጹህ ነው ያለህ እውነቱን ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፣ ከቤታችሁ አንዱ ኳስ በነጻ ላይቭ የሚያሳይ ወይ ፊልም የሚወርድበት ሳይት ገብቶ «ሮቦት አለመሆንህን ለማረጋገጥ አላው በል» ተብሎ ተጭኗታል፣ ያቺ አላው ለሳይቱ ኖቲፊኬሽን የመላክ ፈቃድ ናት። ክሮም ላይ ሦስቷን ነጥብ ተጫን፣ ሴቲንግስ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ፣ ሳይት ሴቲንግስ፣ ኖቲፊኬሽንስ። የተፈቀደላቸው ሳይቶች እዛ ተደርድረዋል፣ የማታውቀውን ሁሉ አንሳ፣ እዛው ገጽ ላይ ሳይቶች ጭራሽ እንዳይጠይቁ ማረግም ትችላለህ። መልእክቱን ግን እንዳትነካው፣ እውነተኛው ቫይረስ የሚገባው «አሁን አጽዳ» የምትለዋን ስትጫን ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ እንደምን አመሸህ፣ እኔ ኮምፒውተር የምከፍተው አሜሪካ ያለችውን ልጄን ለማየት ነው። ባለፈው ስክሪኑ በሙሉ ቀይ ሆኖ ጮኸብኝና በዚህ ስልክ ደውሉ አለኝ፣ ደንግጬ ነቀልኩት፣ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን እማማ፣ አልደወሉም አይደል? እንግዲያው ምንም አልሆነም፣ ድረ ገጽ ነው የጮኸብዎት። የዊንዶውስ ሠሪው የማይክሮሶፍት የስህተት መልእክት መቼም ስልክ ቁጥር አይጽፍም። ሌላ ጊዜ ኪቦርዱ ላይ ከግራ በላይ ጥግ ያለችውን ኤስኬፕ የምትለዋን ቁልፍ ትንሽ ተጭነው ይያዟት፣ ስክሪኑን የሞላው ነገር ይለቃል፣ ከዛ በኤክሷ ይዝጉት። ክሮም እንደገና ሲከፈት የነበሩትን ገጾች ልመልስ ካለዎት እንዳይመልሱ። ደውሎ «ኤኒዴስክ ይጫኑ፣ ላስተካክልልዎ» የሚልዎት ሰው ካለ ዘግተው ለልጅዎ ይንገሯት። ኤኒዴስክ ኮምፒውተርን ከሩቅ ሆኖ ማዘዣ ፕሮግራም ነው፣ ራሱ ጤነኛ ነው፣ እኔም እሠራበታለሁ፣ ግን ለማያውቁት ሰው ከከፈቱለት ኮምፒውተርዎ ፊት ተቀመጠ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ፎቶ ኮፒ ቤት ፕሪንት ላስደርግ ሄጄ ፍላሼ ላይ ያለው ሁሉ ሾርትከት ሆነ፣ ሲቪዬና ሪሰርቼ ጠፋ ማለት ነው?

መልስ፦ ባብዛኛው አይጠፋም፣ ይደበቃል። ቫይረሱ ፋይሎችሽን ደብቆ በነሱ ስም ሾርትከት ያስቀምጣል፣ ሾርትከቷን ስትከፍቺ ፋይሉም ይከፈታል ቫይረሱም ይነሳል፣ ለዛ ነው ሰው ሳያውቅ ቤቱ ወስዶ የሚዘራው። ሾርትከቱን ሳትነኪ መጀመሪያ ፍላሹን በዊንዶውስ አንቲቫይረስ ስካን አርጊው፣ ከዛ ፋይል ኤክስፕሎረር ላይ ቪው ውስጥ ገብተሽ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አርጊ። አሁንም ካልታየሽ ኦፕሽንስ ውስጥ የተጠበቁ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ የምትለዋን ምልክት አንሺ፣ አንዳንዴ ስም በሌለው ፎልደር ውስጥ ተከተው ይገኛሉ። የራስሽን ፋይል ብቻ ገልብጠሽ አውጪና ፍላሹን ፎርማት አርጊው። ለወደፊቱ ለፕሪንት በኢሜይል ላኪላቸው፣ ፍላሽ የግድ ከሆነ የሚታተመው ፋይል ብቻ ያለበትን።

ጥያቄ፦ እዚህ አገር ኦሪጅናል ማን ይገዛል? ክራክ (ሳይከፈልበት እንዲሠራ የተሰበረ ፕሮግራም) ሁሉ ቫይረስ ነው ማለት ማስፈራራት አይሆንም?

መልስ፦ ሁሉ አላልኩም። ግን ክራኩ ሲጫን የመጀመሪያው መመሪያ ምንድነው? «አንቲቫይረሱን አጥፉ»። ዘበኛውን አስተኝተህ ማን ገባ ብትለኝ ምን ልበልህ። ብዙ ሰው የማያየው ሌላ ነገር ልንገርህ፣ ሱቅ ፎርማት ተደርጎ የመጣ ላፕቶፕ ካለህ ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲን ክፈት፣ ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን፣ ማኔጅ ሴቲንግስ፣ ወደ ታች ወርደህ ኤክስክሉዥንስ። እዛ የማታውቀው ፎልደር፣ ይባስ ብሎ ሲ ድራይቭ በሙሉ ተጽፎ ካየህ አንቲቫይረሱ እሱን እንዳያይ ታዟል ማለት ነው፣ አክቲቬተሩ (ያልተገዛውን ዊንዶውስ የተገዛ የሚያስመስለው ፕሮግራም) እንዳይጠፋ ተብሎ የሚደረግ ነው። አጥፋውና ሙሉ ስካን አርግ። ለኦፊስ ከሆነ ሊብሬኦፊስ በነጻ አለ፣ የዎርድና የኤክሴል ፋይል ይከፍታል፣ መልኩ የድሮ ይመስላል እንጂ ሥራ ይሠራል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ አንድ ሳይት ላይ ሮቦት አይደለሁም የሚለውን ለማለፍ ቁልፍ ተጫን ብሎት ተጫነ፣ በነጋታው ቴሌግራሙ ተጠለፈ። ፓስወርድ ሳይሰጥ እንዴት?

መልስ፦ የዊንዶውስ ምልክት ያላትን ቁልፍና አርን ተጫን፣ ከዛ ኮንትሮልና ቪ፣ ከዛ ኢንተር ነው ያለው አይደል? ገጹ ሳታዩት አንድ ትእዛዝ ኮፒ አርጎላችኋል፣ በመጀመሪያው የዊንዶውስ ትእዛዝ መቀበያ ሳጥን ተከፈተ፣ በሁለተኛው ትእዛዙ ተለጠፈ፣ በኢንተር ሠራ። ሳጥኗ ጠባብ ስለሆነች የሚታየው ጫፉ ብቻ ነው፣ ጫፉ ላይ ደሞ ሆን ብለው «ሮቦት አይደለሁም» የሚል ጽሑፍ ነው የሚያስቀምጡት። ይሄ ዓይነቱ ሌባ አድሚን አያስፈልገውም፣ በደቂቃ ውስጥ ክሮም ላይ ሴቭ የተደረገ ፓስወርድ፣ ኩኪ (ሳይቱ መግባትህን የሚያስታውስበት ፋይል)፣ የቴሌግራም ዴስክቶፕ ፎልደር ገልብጦ ይሄዳል፣ ፎልደሯን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲያስቀምጣት ኮድም ፓስወርድም ሳይጠየቅ ይገባል። አሁኑኑ፣ በዛ ላፕቶፕ ሳይሆን በስልኩ፣ ቴሌግራም ሴቲንግስ ውስጥ ዲቫይስስ ገብቶ ሌሎቹን በሙሉ ያስወጣ፣ ከዛ የጂሜይሉን ፓስወርድ ይቀይር፣ ከሁሉም ቦታ ሎግ አውት ያርግ፣ ቀጥሎ ፌስቡክና ሌላው። ኢሜይሉ የሚቀድመው የሌሎቹ ፓስወርድ በሱ ስለሚቀየር ነው። ላፕቶፑ፣ ይሄኛው እንኳን ፎርማት ይገባዋል። ሲመለስ ቴሌግራም ዴስክቶፑ ላይ ሎካል ፓስኮድ (ሲከፈት የሚጠየቅ ኮድ) ያርግበት።

ጥያቄ፦ እህት ነኝ፣ ስሜን አትጥቀስ። ቤት ውስጥ ያለ ሰው የምጽፈውን ሁሉ የሚያይ ይመስለኛል፣ ለጓደኛዬ ብቻ የጻፍኩትን ይነግረኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ የሚጻፈውን የሚመዘግብ ፕሮግራም አለ፣ አድሚን የሆነ ሰው በቀላሉ ይጭነዋል። ግን ከዛ በፊት ጂሜይልሽ ወይ ቴሌግራምሽ እዛ ኮምፒውተር ላይ ክፍት ቀርቶ እንደሆነ እይ፣ ብዙ ጊዜ ሚስጥሩ እሱ ነው። ሰውየውን የምትፈሪው ከሆነ ግን ፕሮግራሙን ፈልገሽ ለማጥፋት አትቸኩይ፣ ሲጠፋ ያውቃል። ሌላ መሣሪያ፣ የምታምኛት ጓደኛ ስልክ ይሁን፣ በሱ ፓስወርድሽን ቀይሪ፣ ዋናውን ወሬሽን በሱ አውሪ፣ የቤቱን ኮምፒውተር ለተራ ነገር ተጠቀሚበት።

ጥያቄ፦ የመንግሥት ስለላ ሶፍትዌር የሚባለውስ? ወሬ ነው?

መልስ፦ ወሬ አይደለም። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ በፈረንጆቹ ታህሳስ 2017 ባወጣው ጥናት ውጭ አገር ላሉ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች በኢሜይል ሊንክ ይላክ እንደነበር፣ ሊንኩን ሲከፍቱ ቪዲዮ ለማየት አዶቤ ፍላሽህን (የኪሱን ፍላሽ ሳይሆን የቪዲዮ ማጫወቻውን ፕሮግራም) አፕዴት አርግ እንደሚል፣ አፕዴት የተባለው ደሞ ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ የስለላ ፕሮግራም እንደነበር ጽፏል። ስንት ገንዘብ የወጣበት ነገር የገባው በተራ «አፕዴት አርግ» ነው። ፍላሽ ፕሌየር እንደሆነ በፈረንጆቹ 2020 መጨረሻ ሞቷል፣ ዛሬ ፍላሽ አፕዴት አርጉ የሚል ምንም ነገር ብታዩ ዝጉት።

ጥያቄ፦ አንቲቫይረስ ልግዛ? ዊንዶውስ 10 ነው ያለኝ።

መልስ፦ አትግዛ፣ አብሮት የመጣው ዲፌንደር ለቤት ይበቃል፣ ሁለት አንቲቫይረስ መጫን ደሞ ኮምፒውተሩን ከማንቀራፈፍ በቀር ትርፍ የለውም። የሚያሳስበኝ ዊንዶውሱ ነው፣ የ10 መደበኛ ድጋፍ (የደህንነት አፕዴቱ) በፈረንጆቹ ጥቅምት 14 ቀን 2025 ቆሟል። ላፕቶፑ 11ን የሚችል ከሆነ ወደሱ እለፍ፣ አፕግሬዱ በነጻ ነው። ፓኬጅ እንዳይጨርስብህ ቢሮ ወይ ዘመድ ቤት ዋይፋይ ያለበት ወስደህ አውርደው፣ ቻርጀሩን ሰክተህ፣ መብራት እንዳይሄድብህ ባትሪውም ሙሉ ይሁን።