የላብራቶሪው ሲጂአርፒ መድኃኒት አይደለም

እህቴ፣ ኮምቦልቻ ያለችው ልጅዎ በማይግሬን እንደምትሰቃይ ገልጸው፣ በኢንተርኔት ያዩትን «ለማይግሬንና ለሕመም ጥናት» የሚል ሲጂአርፒ ገዝተው ቢሰጧት ይሻላት እንደሆነ ጠይቀዋል። እባክዎ አይግዙት!

ሲጂአርፒ በነርቮቻችን ውስጥ የሚመረት፣ 37 አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መገንቢያዎች) ያሉት አጭር ሰንሰለት ነው። የደም ሥርን ያሰፋል፤ የሕመም መልእክትንም ያጎላል። ተመራማሪዎች ለማይግሬን ሕሙማን በደም ሥር ሲሰጡት ብዙዎቹን ራስ ምታቱ ተነሥቶባቸዋል። ፈውስ መስሎ የታየዎት ራሱ ቀስቃሹ ነው። ትክክለኞቹ መድኃኒቶች ተቃራኒውን ይሠራሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ የተፈቀደው ኤሬኑማብ የሲጂአርፒን መቀበያ፣ ማለትም ሲጂአርፒ በሴል ላይ የሚያያዝበትን ክፍል፣ ይዘጋል።

ያዩት ምርት በላብራቶሪ ሴሎች ላይ ተጨምሮ መቀበያው ሲነቃ ለመለካትና አጋጁ መድኃኒት መሥራቱን ለመፈተን ነው። ደሴ ውስጥ በወሎ ዩኒቨርሲቲ የምትማሩ ካነበባችሁት አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ባክቴሪያ ያመረተው ሲጂአርፒ በጫፉ ላይ ሊኖር የሚገባው አሚድ የተባለ ትንሽ የኬሚካል ክፍል አይኖረውም፤ ያለ እርሱ ደግሞ ኃይሉ በእጅጉ ይዳከማል። ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አጣሩ።

ልጅዎን ግን ሐኪም ይያት። ሕመሙ የሚነሣበትን ቀን፣ ያመለጣትን ምግብ፣ እንቅልፏንና የወሰደችውን ማስታገሻ በደብተር ትጻፍ። ማስታገሻ በወር 10 ወይም 15 ቀን (እንደ ማስታገሻው ዓይነት) ወይም ከዚያ በላይ ለወራት መውሰድ ራሱ ራስ ምታት ሊያመጣ ይችላልና ይህን ለሐኪሙ አትደብቅ። እንደ ፕሮፕራኖሎልና አሚትሪፕቲሊን ያሉ የቆዩ መከላከያዎችም ብዙዎችን ረድተዋል፤ ለእርሷ የሚስማማውን የሚመርጠው ሐኪሙ ነው።