ሥራ ላይ ያለ የጽዳት ድርጅት ሲገዙ

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የጽዳት አገልግሎት ድርጅት ልገዛ ነው። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሲሆን 45 ሠራተኞች፣ ከ3 መሥሪያ ቤቶች ጋር ውል፣ 2 የወለል ማጠቢያ ማሽኖችም አሉት። ሻጩ «ዕዳ የለበትም» ብሎኛል። ከመፈረሜ በፊት ምን ልመርምር?

መልስ፦ ከማሽኖቹ በፊት ውሎቹን ያንብቡ። እያንዳንዱ መቼ እንደሚያበቃ፣ በስንት ቀን ማስጠንቀቂያ እንደሚቋረጥ፣ የባለቤት ለውጥ ሲኖር የደንበኛው ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ ይለዩ። በጨረታ የተገኘ ውል 2 ወር ከቀረው እርስዎ የሚገዙት የ2 ወር ገቢ ነውና ዋጋውም በዚያው ልክ ይቀነስ።

ብዙ ገዢ የሚጎዳው ግን በሠራተኛ ዕዳ ነው። የማኅበሩን ድርሻ ስለሚገዙ ዕዳው አብሮ ይመጣል፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረትም ድርጅቱ ባለቤት ስለቀየረ የሥራ ውል አይቋረጥም፣ የሠራተኛው አገልግሎት ከተቀጠረበት ቀን ጀምሮ ይቆጠራል። አንድ ትልቅ ደንበኛ ቢለቅና በወር 4,000 ብር የሚከፈላቸው፣ 3 ዓመት ያገለገሉ 20 ሠራተኞች ቢቀነሱ እናስላ። የሥራ ስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ቀጣይ ዓመት ደግሞ የዚያ ሲሶ ነው፤ ለአንዱ 6,667 ብር ገደማ ይሆናል። በቅነሳ ምክንያት የ60 ቀን ደመወዝ ይታከልበታል፣ 8,000 ብር። ለ20ዎቹ ሲደመር 293,000 ብር ያህል ነው። ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ ከዚህ ውጭ ነው። ይህን ገንዘብ ከዋጋው ላይ ይደራደሩበት።

የ12 ወር ፔሮል (የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር)፣ የባንክ ስቴትመንትና የጡረታ ደረሰኝ ጎን ለጎን አስቀምጠው ያመሳክሩ። ጡረታ ከአሠሪው 11፣ ከሠራተኛው 7 በመቶ ነው። ፔሮሉ 45 ስም ይዞ ጡረታ የተከፈለው ለ30 ሰው ከሆነ ቀሪው ውዝፍ ከነቅጣቱ እርስዎን ይጠብቃል። ደግሞም ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሥራ ቦታው ድረስ ሄደው ሰው ይቁጠሩ፤ ወረቀት ላይ ብቻ ያለ ሠራተኛ የሚታወቀው ያኔ ነው።

የግብር ክሊራንስ (ከግብር ዕዳ ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ) ይጠይቁ፣ ግን አይተማመኑበት። ግብር ሰብሳቢው እስከ 5 ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ግብሩን እንደገና ሊወስን ይችላል። ስለዚህ ከሽያጩ ቀን በፊት የመጣ ዕዳ የሻጩ እንደሆነ በውሉ ይጻፍ፤ ከዋጋውም 30 በመቶ ያህሉን ቢያንስ ለ6 ወር ይዘው ይቆዩ። ያለዚህ መያዣ መፈረም አንመክርም።

ማሽኖቹን ውኃ ሞልተው 15 ደቂቃ ያሠሯቸው። ከኋላ ውኃ እየጣለ የሚሄድ ከሆነ የመጥረጊያው ጎማ አልቋል ወይም የመምጠጫው ሞተር ደክሟል። ጎማ ቀላል ወጪ ነው፣ ሞተር ግን አይደለም፤ ስለዚህ መካኒክ ይዘው ይሂዱ።