ጠፉ ወይስ ጣሏቸው?

ውድ ወጣቶች፣

ባለፈው ሳምንት የጀርመኖቹን የሄንዝልና የግሬትል ተረት በአማርኛ ተርካ ለልጆች በድምፅ ልትቀርጽ የተዘጋጀች አንዲት ወጣት ደውላ፣ «ጋሼ፣ ጠንቋይዋ እቶን ውስጥ የምትቃጠልበትን ቦታ ላውጣው ወይስ ልተወው?» ስትል ጠየቀችኝ። በአንድ ቃል መልሼላት ስልኩን መዝጋት እችል ነበር። ጥያቄዋ ግን ሠላሳ ዓመት ያህል ለማንም ሳልናገረው የኖርሁትን ጸጸት ስለቀሰቀሰብኝ፣ ለእሷም፣ እንደ እሷ የሰው አገር ተረት ለልጆች ለምትተርኩ ሁሉም በጽሑፍ መመለስን መረጥሁ።

እኔ ፍራንክፈርት ውስጥ በትርጉም ሥራ ያረጀሁ ሰው ነኝ። የተረቱ ሰብሳቢዎች፣ ወንድማማቾቹ ያኮብና ቪልሄልም ግሪም፣ የተወለዱባት ሃናው ከዚህ በባቡር ግማሽ ሰዓት እንኳ አትፈጅም፤ ስለዚህም ይሁን በወጣትነት ድፍረት፣ ተረቱን እንደ ራሴ ርስት መቁጠር ከጀመርሁ ቆይቼ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1993 የገና ሰሞን፣ እዚህ የምንኖር ሐበሾች ለልጆቻችን ተውኔት እናሳይ ስንባባል፣ ድርሰቱን ለመጻፍ ማንም ሳይቀድመኝ እጄን አወጣሁ።

የግሪሞቹ ጽሑፍ የሚጀምረው በድሃው እንጨት ቆራጭ ቤት ነው። በአገሩ ታላቅ ውድነት ገብቶ የዕለት ዳቦ ታጥቷል፤ ልጆቹ ከረሃብ የተነሣ እንቅልፍ አጥተው ሳለ፣ ሴትዮዋ ነገ ጫካ ወስደን እንተዋቸው እያለች ከአባታቸው ጋር ስትመክር ይሰማሉ። አባትየው ይከራከራል፤ በመጨረሻ ግን አንጀቱ እየተላወሰ እሺ ይላል። በማግስቱ ልጆቹ ጫካ ውስጥ እሳት ዳር ተቀምጠው የመጥረቢያ ድምፅ ስለሚሰሙ፣ አባታችን ቅርብ ነው ብለው ልባቸው ያርፋል። የሚሰሙት ግን መጥረቢያ አይደለም፤ አባትየው ከደረቀ ዛፍ ጋር ያሰረውን ቅርንጫፍ ነፋስ እያወዛወዘ ከግንዱ ጋር ሲያላትመው ነው። ኋላም ወንድምና እህቱ ልጅ በምትበላ ጠንቋይ እጅ ይወድቃሉ፤ ግሬትልም ጠንቋይዋን ገፍትራ እቶን ውስጥ ትከታታለች። ለእኔ በዚያ ተረት ውስጥ ከዚህች ቅርንጫፍ የከፋ ነገር የለም፤ እቶኑ አጠገቧም አይደርስ።

እኔ ቅርንጫፏንም የሌሊቱን ሹክሹክታም ሰረዝኋቸው። በእኛ አቆጣጠር የ1977ቱ ረሃብ ገና ከሰው ልብ አልወጣም ነበርና፣ የሚራብ ልጅ መድረክ ላይ ማውጣት ነውር መስሎ ታየኝ፤ ከተመልካቾቹም መካከል ልጆቻቸውን አገር ቤት ለዘመድ ትተው የመጡ እናቶች እንደሚኖሩ አውቅ ነበር። ስለዚህ ሄንዝልና ግሬትልን እንጆሪ ለቀማ ላክኋቸውና በጨዋታ ብዛት መንገድ ጠፋባቸው ብዬ ጻፍሁ። እንጆሪውን እንኳ ከራሴ አላመጣሁትም፤ ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ሁምፐርዲንክ ከዚሁ ተረት በሠራውና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1893 በጀርመኗ ከተማ በቫይማር ለመጀመሪያ ጊዜ በታየው ኦፔራ ውስጥ እናትየው ልጆቹን ወደ ጫካ የምትልካቸው እንጆሪ ሊለቅሙ ነው፤ እኔም በታላቅ ሥራ ጥላ ሥር ተጠለልሁ።

ተውኔቱ አማረ። እቶኑን የሠራነው ከሙዝ ካርቶን ነበርና፣ ጠንቋይዋ ተገፍትራ ስትገባ አንድ ጎኑ ተቀዶ እግሯ በውጭ ቀረ፤ ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ፣ ድገሙት ብለውም ጮኹ። በመጨረሻ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብዬ ስጨርስ፣ እናቶች ጋግረው ያመጡት ድፎ ዳቦ ተቆርሶ ታደለ።

ካርቶኑን ስሰበስብ ዘጠኝ ዓመት ገደማ የሚሆናት ልጅ መጥታ አጠገቤ ቆመች። በዚያ ዓመት ከአገር ቤት ብቻዋን ወደ አክስቷ ዘንድ የመጣች ልጅ ናት። የተሰጣትን ዳቦ ሳትቀምሰው በሁለት እጇ ይዛለች። «ልጆቹ ጠፉ ነው ወይስ ጣሏቸው?» አለችኝ። «ጠፉ» አልኋት። ጥቂት አሰበችና «እንግዲያው ጥፋቱ የራሳቸው ነዋ» አለች። እኔም «ተረት እኮ ነው፤ ይልቅ ዳቦሽን ብዪ» ብያት ወደ ካርቶኔ ዞርሁ። ከዚያ በኋላ አላገኘኋትም።

በቃል ሥራ የምኮራው ሰውዬ፣ መጥፋትና ጥፋት ከአንድ ሥር መብቀላቸውን ያስተማረችኝ ይህች ልጅ ነበረች። የወላጆቹን ስም ላድን ስል ዕዳውን ልጆቹ ላይ ጭኜው ኖሯል።

ግሪሞቹስ አልነካኩትም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ነካክተውታል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1812ቱ የመጀመሪያ እትም ሴትዮዋ የወለደቻቸው እናት ነበረች፤ በ1840ው አራተኛ እትም ግን የእንጀራ እናት ሆነች። (እንጀራ በታጣበት ቤት «የእንጀራ እናት» የሚለው አማርኛ ምን ያህል እንደሚመር ለጀርመን ወዳጆቼ ማስረዳት ተስኖኛል።) ይሁን እንጂ የእናትን ስም ቢያድኑም ድርጊቱን አልሰረዙትም፤ ከሁለቱ እትሞች በየትኛውም ልጆቹ ሆን ተብሎ ተጥለዋል፣ ጥለዋቸው የሄዱትም ወላጆች ናቸው።

የዛሬ ወጣቶች ልጅን እንደ ብርጭቆ ትይዙታላችሁ፤ ደም ካያችሁ ትደነግጣላችሁ፣ ሌሊቱን ግን ይረዝማል ብላችሁ ያለ ርኅራኄ ታሳጥሩታላችሁ። ይህን ስል እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ለአራት ዓመቷ የልጅ ልጄ ስተርክላት ጠንቋይዋን በጓሮ በር አስመልጣታለሁ፤ ከላይ ከጻፍሁት ጋር እንደማይስማማ አውቃለሁ፣ አያትነት ግን ከሙያዬ በረታብኝ።

እንግዲህ አንቺ የደወልሽልኝ ልጄ፣ በእቶኑ ነገር አልከራከርሽም፤ እንደ ልጆቹ ዕድሜ ራስሽ ወስኚ። ቀረጻውን ስትጀምሪ ግን ከሁሉ በፊት የሌሊቱን ክፍል ላኪልኝ፤ አባትየው እሺ የሚልበትን ድምፅ፣ ቀጥሎም ቅርንጫፏ ግንዱን ስትመታ ልጆቹ እሳት ዳር ተቀምጠው «አባባ ቅርብ ነው» የሚሉበትን መስማት እፈልጋለሁ።