መልስ፦ ዓይን አፋር ልጅ ድራማ ክበብ ትግባ ወይ?

እህቴ፣ ልጅሽ ክፍል ውስጥ እጇን እንደማታወጣ ነግረሽን፣ ድራማ ክበብ ብትገባ ትምህርቷን ይሻማባት እንደሆነ ጠይቀሻል። አስገቢያት።

እዚሁ ሐዋሳ የሰፈር ልጆችን ድራማ አለማምዳለሁ። ዓይን አፋሯን መጀመሪያ መድረክ ላይ አላወጣትም። መጋረጃ ትስባለች፣ ከበሮ ትመታለች። ቀስ ብላ ከጓደኞቿ ጋር አንድ መስመር ትናገራለች። የምትናገረው የገጸ ባህሪዋን ቃል ስለሆነ ፍርሃቱ ይቀላታል። ይሄን ደግሞ ፍቅር ሐይቅ የሚባለው ቦታ ስንለማመድ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ደስ ሲል!

የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሪፖርት ከ3000 በላይ ጥናቶችን ቃኝቶ ኪነ ጥበብ ለጤና እንደሚጠቅም ጽፏል።

ብቻ ስትሳሳት የሚስቁባት ቦታ ከሆነ ጭራሽ ይብስባታል። አንድ ቀን ልምምዱን ሄደሽ እዪ። አሰልጣኙ ዝምተኞቹን ልጆች እንዴት እንደሚያናግራቸው ተመልከቺ።