የተቀየረው ፒክአፕ የትኛው ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ያገለገለ ኤሌክትሪክ ጊታር ልገዛ ነው። ሻጩ ቴሌግራም ላይ የለጠፈው እንዲህ ይላል፦ «የብሪጁ ፒክአፕ የተቀየረ፣ ኦርጅናል ሀምበከር ነው።» እኔ ሀምበከሩ አሁን ጊታሩ ላይ ያለው መሰለኝ። ጓደኛዬ ግን «ኖ፣ ሀምበከር የነበረው ድሮ ነው፤ እሱ ወጥቶ ሌላ ገብቷል» ይላል። ማናችን ነን ትክክል? ደግሞስ ሌላ ገዝቼ ላስገባበት ብፈልግ «ምትክ ፒክአፕ» ነው «ቅያሪ ፒክአፕ» የምለው?

መልስ፦ ለማያውቅ አንባቢ፦ ፒክአፕ ከጊታሩ ክሮች ሥር ተቀምጦ ንዝረታቸውን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ዕቃ ነው፤ የብሪጁ የሚባለው ክሮቹ ሰውነቱ ላይ በሚያርፉበት ድልድይ አጠገብ ያለው ነው፤ ሀምበከርና ሲንግል ኮይል የፒክአፕ ዓይነቶች ናቸው። ወደ ጥያቄው ስመለስ፣ ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ። ጣጣው ያለው «ቀየረ» ላይ ነው።

«አዲስ ጎማ ቀየርኩ» ያለ ሰው አዲሱን አስገብቷል። «አዲሱን ጎማ ቀየርኩት» ካለ ግን አዲሱ ወጥቷል፤ ምስማር በስቶት ይሆናል። ልብስም ያው ነው። «ንጹሕ ልብስ ቀየረ» ሲባል ለበሰ፣ «ያደፈውን ልብሱን ቀየረ» ሲባል አወለቀ። ግሱ አንድ፣ ድርጊቱ ተቃራኒ። የሚለየን «ን» ነው። ቀድሞ እዚያ የነበረው ነገር የታወቀ ስለሆነ «ን» ይዞ ይመጣል። አዲስ የሚገባው ግን ብዙ ጊዜ ባዶውን ነው። «ሀምበከር ቀየርኩለት» ካሉ አስገብተውለታል፤ «ሀምበከሩን ቀየርኩት» ካሉ አውጥተውታል። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም፤ ግን ስንናገር አንሳሳትም።

ግሱ «ተቀየረ» ሲሆን ነው ነገሩ የሚበላሸው። «ን» ይወድቃል። «አዲስ ፒክአፕ ተቀይሮለታል» ቢል «ለታል» የምትለዋ ቅጥያ ታድነን ነበር፤ ጊታሩ አዲስ ነገር አገኘ ማለት ነውና። «የተቀየረው ፒክአፕ» ላይ ግን ምንም የሚያድን የለም። የወጣውም ተቀይሯል፣ የገባውም ተቀይሯል።

መፍትሔውን የስፖርት ጋዜጠኞች ድሮ አግኝተውታል። «የተቀየረው ተጫዋች ተጎድቷል» ቢሉን ማንን ነው የምናዝንለት? ስለዚህ «ተቀይሮ የገባው» ወይም «ተቀይሮ የወጣው» ይላሉ። አንዲት ግስ ጨምረው ተገላገሉ። ሰዋስው አዋቂ ነን የምንል ሰዎች ለዚህ ብዙም አናመሰግናቸውም፤ ልናመሰግናቸው ይገባል። «ተቀይሮ የገባው ፒክአፕ» ብሎ መጻፍ ምንም ነውር የለውም።

«ተካ» የተሻለ ነው የሚሉ አሉ። በጽሑፍ አዎ። «ሲንግል ኮይሉን በሀምበከር ተካሁት» ሲባል የወጣው «ን»፣ የገባው «በ» ይዟል፤ ግልጽ ነው። «የተካው» ሲሉ ግን የገባው ነው፤ «የተተካው» ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ የወጣው። ልዩነቱ አንዲት «ተ» ናት። ስልክ ላይ በጥድፊያ ለሚጽፍ ሻጭ ይህን አላምነውም።

ሁለተኛው ወጥመድ «ኦርጅናል» ነው፤ እንዲያውም እኔን የበለጠ ያሳቀኝ እሱ ነው። መርካቶ «ኦርጅናል ነው?» ሲባል «ፎርጅድ አይደለም ወይ?» ማለት ነው። ጊታር ተጫዋቾች ጋ ግን ከፋብሪካ ከጊታሩ ጋር የመጣውም ኦርጅናል ይባላል። ስለዚህ አንድ ሰው «ኦርጅናሉን አውጥቼ ኦርጅናል አስገባሁ» ቢልዎ አልተሳሳተም። የእርስዎ ሻጭ የፈለገው የትኛውን እንደሆነ ከጽሑፉ ማወቅ አይቻልም። እርስዎ በመጀመሪያው ትርጉም አነበቡት፣ ጓደኛዎ በሁለተኛው።

ነገሩ የቃል ጨዋታ ብቻ አይደለም። ሲንግል ኮይል አንድ የሽቦ ጥቅል ነው፤ ድምፁ ጥርት ይላል፣ ግን ከኤሌክትሪክ መስመር የሚመጣውን «እምምም» አብሮ ይለቅማል። ሀምበከር በተቃራኒ የተያያዙ ሁለት ጥቅሎች ስላሉት «እምምም»ታውን ያጠፋፋዋል፤ ድምፁም ወፈር ይላል። መደበኛው ሀምበከር ሰፊ ስለሆነ ለሲንግል ኮይል በተሠራ ጉድጓድ አይገባም፤ እንጨቱን መፈልፈል ይጠይቃል። የድምፅ መቆጣጠሪያው ፖትም ይለያል፦ ለሲንግል ኮይል በተለምዶ 250 ኪሎ ኦም፣ ለሀምበከር 500። አሮጌ ጊታር ላይማ ጉዳዩ ከባድ ነው። የጊታር ፋብሪካው ጊብሰን ሌስ ፖል በተባለው ጊታሩ ላይ ሀምበከር ማስገባት የጀመረው በ1957 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በዚያ ዘመን ጊታር ላይ «ፒክአፑ ተቀይሯል» የምትለው ቃል ብቻዋን ዋጋውን ክፉኛ ታወርደዋለች።

ለመጨረሻው ጥያቄዎ፣ እኔ «ቅያሪ ፒክአፕ» ነው የምለው። «ምትክ» ሲባል ዋናው የጠፋ ወይም የሞተ ይመስለኛል፤ የእርስዎ ደግሞ በደህናው እየሠራ ነው። «መለዋወጫ»ም ስሕተት የለውም፤ ብቻ ጋራዥ ጋራዥ ይሸታል።

ለሻጩ «የተቀየረው የቱ ነው?» ብለው አይጻፉለት፤ መልሱ እንደገና ያወዛግባችኋል። «አሁን ብሪጁ ጋ የተገጠመው ሀምበከር ነው ወይ? ማን የሠራው? እንጨቱስ ተፈልፍሏል? ከጊታሩ ጋር የመጣውን አስቀምጠኸዋል?» ይበሉት። አስቀምጦት ከሆነ ደግሞ አብሮ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ።